ቤቱ ለሁለት ሰው ነው

ኤሲው እንደ ልማዱ ቀትር ላይ ቆመ። ጠዋት ቆሞ አያውቅም፣ ማታም ቆሞ አያውቅም። ሰው ከቤቱ መውጣት በሚፈቀድለት ሰዓት ቢበላሽ ምን ነበረበት? የለም! የቀትሩ ሳይረን ጮኾ፣ የደቻቱ ሰፈር በር ሁሉ ተዘግቶ፣ ወፍ እንኳ ዝር የማይልበት ሰዓት እስኪደርስ ጠብቆ ጭጭ ይላል።

"ክብርት ደንበኛችን፣" አለች ውስጡ ያለችው ሴትዮ፣ "ማሽንዎ ከአቅሙ በላይ በመሥራቱ ራሱን ለመጠበቅ ሲል ሥራ አቁሟል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።"

"የምን ትዕግሥት? ማን ሰጠሽ?" አልኳት።

ከማሽን ጋር የምሟገት ሰው አልነበርኩም። ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ተራ ቆሜ ስሸጥ ያደርኩ ሰው ነኝ። ድሬ ላይ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሠርጉም ሳይቀር ወደ ሌሊት የዞረው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ቀን የእንቅልፍ ነው። ገና እንቅልፍ ሳልጠግብ ይቺ ሴትዮ ቀሰቀሰችኝ፤ ያውም በዚህ ሳምንት ስንተኛ ጊዜዋ እንደሆነ መቁጠሩን ትቼዋለሁ።

ደግሞ የእንክብካቤ ጉድለት ነው እንዳይሉኝ፣ ማጣሪያውን ጎህ ሲቀድ አጥቤዋለሁ። በሰፈራችን ጎህ ሲቀድ የሚሰማው የማጣሪያ ማራገፊያ ድምፅ ነው። ሴቱም ወንዱም በሩ ላይ ቆሞ ጧ ጧ ያደርጋል፣ አንዱ የሌላውን አቧራ ይበላል፣ ይሰዳደባል፣ ይሳሳቃል፣ ከዚያ ገብቶ ይተኛል። የውጭውን ፋን ከላስቲክ ቁርጥራጭ አጽድቼዋለሁ። የጋዙን ቱቦ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ሰው ልጁን እንደዚህ አያሳድግም።

እናቴ ቁምሳጥኑን ተደግፋ ፍራሿ ላይ ተቀምጣለች። ስሟ ሶልያና ነው። በእሷ ጊዜ ሶልያና ተብሎ ያልተጠራ ሕፃን አልነበረም መሰለኝ፣ ዛሬ በየቤቱ ያሉት አሮጊቶች ሁሉ ሶልያናና ማክቤል ናቸው። ሰማንያ ሊሞላት ምንም አልቀራትም። ሙቀቱ ከፍ ሲል ከንፈሯ ይደርቅና ወሬዋ መቆራረጥ ይጀምራል።

"ተይው ዮሐና፣ ይመለሳል፣" አለችኝ።

"አንቺ ደግሞ! ምኑ ነው የሚመለሰው?"

በሩ አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ተለወጠች። ቢጫ ማለት ሙቀት ቢሮው አንዲት አሮጊት በጋለ ቤት ውስጥ እንዳለች አውቋል ማለት ነው። ቀይ ስትሆን ነጩ መኪና ይመጣል። ነጩ መኪና ከቀትር እግድ ነፃ ነው። አሮጊቷን አንስቶ ወደ ቅዝቃዜ አዳራሹ ይወስዳታል። አዳራሹ ክፉ አይደለም፤ ንጹሕ ነው፣ አልጋው በመደዳ ነው፣ ሾርባ አለ። ሰው የሚመለሰው ግን ቤቱ አንድ ሙሉ በጋ ሳይሞቅ ከቆየ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ በጋው ማለቅ ከተወ ቆይቷል።

"ሰው ስጪኝ፣" አልኳት ሴትዮዋን። "ሰው! እጅ ያለው!"

"ሰው በመጠየቅዎ እናዝናለን። ሠራተኛችን ተነሥቷል።"

ያብስራ የሚባለው ሠራተኛ ሲደርስ እያለከለከ ነው። ስልሳ ያለፈው ቦርጫም ሰው ነው። የበረዶ ሰደርያውን ከሸሚዙ በላይ አጥልቋል፣ በረዶው ግን መንገድ ላይ ቀልጦ ሱሪው ላይ ይንጠባጠባል። ገብቶ ሰላም እንኳ አላለም።

"ዛሬ ደግሞ ምን አደረጋችሁት?"

"እኛ ምን እናደርገዋለን? ጡት ማጥባት ነው የቀረን!"

"ሌላ ክፍል ቀጥላችኋል?"

"የት ላይ? ዓይን የለህም እንዴ? ይኸው ክፍሉ፣ ይኸው ጓዳው።"

ሽፋኑን ፈታው፣ ኮምፕሬሰሩን በመዳፉ ዳሰሰው፣ እጁን ቶሎ አነሳ። "ይሄ ማሽን የሁለት ቤት ሥራ ነው የሚሠራው፣" አለ። "እኔ ደግሞ ከዚህ በኋላ አምስት ቤት አለብኝ። አምስቱም 'ምንም አላደረግንም' ነው የሚሉኝ። ይሄን ሥራ የጀመርኩበትን ቀን ምነው በታመምኩ!"

"አንተ ከታመምክ እኔ ማንን ልጥራ?"

"ቢያንስ እኔን አትጠሪኝም ነበራ።"

ያም ሆኖ ማሽኑን በእጁ አስነሳውና ከኪሱ ሶፍት አወጣ። ቀጭን አድርጎ ቀደደው፣ ጫፉን በሁለት ጣቱ ይዞ በየግድግዳው ማዞር ጀመረ። መስኮቱ ጋ ሶፍቱ ቀጥ አለ፣ በሩ ጋም ቀጥ አለ። ወደ እናቴ ሲጠጋ ግን ሶፍቱ ተንጋደደ። ከጀርባዋ ወዳለው ቁምሳጥን ያጋድላል።

"እማማ፣ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ።"

"አልችልም።"

"ለምን?"

"ወገቤን።"

"እማ፣ ቅድም ተነሥተሽ እጅሽን ታጥበሽ የለም እንዴ!" አልኳት።

"ያን ጊዜ አላመመኝም ነበር።" ዓይኗን በጨው አጥባ ነው የምትለው! "ቁምሳጥኑን አትንኩ። የሙሽርነት ልብሴ አለበት፣ ወንድ እንዲያየው አልፈልግም።"

"እኔ'ኮ የማየው ጀርባውን ነው፣" አለ ያብስራ።

ፍራሿን ከነእሷ ጎተትኩት። እየተሳደበች ተጎተተች። ቁምሳጥኑን በሁለት ወገን ይዘን ስናነሳው እግሬ ላይ ቀዝቃዛ አየር ተሰማኝ፣ ወደ ግድግዳው የሚሮጥ። ቀዳዳው የእንግዳ ትሪ ያክላል። ዙሪያው በአሮጌ የማጣሪያ ጨርቅ ተለብጦ፣ እንዳይፈረፈር በጭቃ ተለስኗል። ያለቀለት ሥራ ነው። ከማዶው ጨለማ ነው።

"እማ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ቀዳዳ ነው።"

"ቀዳዳ መሆኑንማ አየሁት!"

ማዶው የኡሚ ኢክራም ቤት ነው። ኡሚ ኢክራም ደግሞ የለችም። ኤሲዋ ሲሞት መለዋወጫው ከቀረ ቆይቷል ተባለች፤ ማሽን የሌለው አሮጊት ደግሞ አዳራሽ ነው የሚገባው። ስለዚህ ጅግጅጋ ልጇ ዘንድ ሄደች፣ ቤቷም በቢሮው ባዶ ተብሎ ተመዘገበ። ሻንጣዋን ተሸክሜ አውቶቡስ ያስገባኋት እኔ ነኝ። አቅፌያት ያለቀስኩት ለቅሶ፣ ለገዛ አባቴ እንኳ እንደዚያ ማልቀሴን እንጃ!

"ኡሚ ኢክራም ጅግጅጋ ናት፣" አልኩ።

"ገና ደንገጎ ዳገት ላይ ወርዳ ተመለሰች፣" አለች እናቴ። "አውቶቡሱ አስጠላኝ ብላ።"

"ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚህ ናት? ግድግዳውንስ ማን ነው የቦረቦረው?"

"ተባብረን ነዋ። እሷ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ። በዘነዘና። አንቺ ሽንኩርት ተራ ስትሆኚ።"

ደሜ ፈላ። እኔ እኮ ነኝ በየቀኑ ከማሽን ጋር ስጨቃጨቅ የከረምኩት! ማጣሪያ ሳጥብ፣ ቱቦ ስጠቀልል፣ የፋኑን ክንፍ በጥርስ ብሩሽ ስፈገፍግ፣ እሷ ፍራሿ ላይ ሆና "ይመለሳል" እያለች ታየኛለች።

"ለእኔ ብትነግሪኝስ ምን ነበረበት?"

"ትጮሂያለሻ። ይኸው እየጮኽሽ አይደል?"

ያብስራ ግንባሩን ጠረገ። "እማማ፣ ይሄ ማሽን እኮ የሰፈር አይደለም፣ የቤት ነው።"

"አንተ የማን አገር ሰው ነህ?" እናቴ ቀና ብላ አየችው። "በዚህ አጥር ላይ እኔና እሷ ስንት ሳህን ነው ያቀባበልነው? ለፋሲካ ከኔ ቤት ዳቦ ይሄዳል፣ ለኢድ ከእሷ ቤት ጣፋጩ ሙሸበክ ይመጣል። ሳህኔን ባዶውን መልሳልኝ አታውቅም። እና አሁን እኔ ቤት ብርድ እያለ እሷ ትንደድ? ብርዱን ምን ልዩ ያደርገዋል?"

"ልዩ የሚያደርገውማ ማሽኑ ይቃጠላል!" አለ። "ስሚኝ እህቴ፣" ወደ እኔ ዞረ፣ "ይሄ ካልተደፈነ አሁንም ይቆማል። ኩባንያው ካወቀ ደግሞ ነቅሎ ይወስደዋል። ያን ጊዜ ሁለቱም አዳራሽ ናቸው።"

እንዳለው አልቀረም። ኤሲው አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጦ ቆመ፤ ሴትዮዋም አመሰገነችን። በሩ ጋ ያለችው ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ከዚያ በኋላ ቀይ ነው።

"ድፈነው፣" አልኩ።

አዎ፣ አልኩ። ከማዶ ማን እንዳለ እያወቅሁ ነው ያልኩት። እናቴ ከፍራሿ ላይ ጮኸች።

"ከደፈናችሁት እኔንም ነጩ መኪና ይውሰደኝ! እዚያ ትሞታለች እኮ ዮሐና!"

"እዚህ ያለሽው አንቺስ? አንቺም ልትሞቺብኝ ነው እኮ!"

"እኔ በቃኝ!"

"በቃኝ የሚባል ነገር የለም! ማን ጠየቀሽ በቃኝ?"

ያብስራ በመሀል "ኧረ ቀስ በሉ፣ ኧረ ቀስ" ይላል፣ እሱም እየጮኸ። ሦስታችንም ባንድ ላይ ስንንጫጫ ከቀዳዳው እጅ ወጣ። ሂና የተቀባ፣ አጥንት ብቻ የቀረው እጅ ነው። አየሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ ዝም በሉ እንደማለት።

"አቦ ጆሮዬን በላችሁት!" አለች ኡሚ ኢክራም ከማዶ። ድምፅዋ ደክሟል፣ ቁጣዋ ግን ያው የድሮው ነው። "በዚህ ሰፈር እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም እንዴ? ሶልዬ፣ በቃ። ልጅቷን አታስቸግሪያት። ውሰዱት ብርዳችሁን።"

እጇ ተመለሰ። ቀጥሎ ትራስ መጣ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ፣ ተጠቅጥቆ፣ ተገፍቶ። ቀዳዳው ከዚያ ወገን ተደፈነ።

ያብስራ ከዕቃ ሳጥኑ ጣውላ አውጥቶ ከእኛ ወገን መታበት፣ ዳር ዳሩን በማጣበቂያ ላስቲክ አሸገ፣ ማሽኑን አስነሳው። ኤሲው ጉሮሮውን ጠርጎ መንፋት ጀመረ። ለወራት እንደዚያ ነፍቶ አያውቅም። ቢጫዋ መብራት መብለጭለጯን አቆመች፣ ቆየት ብላም አረንጓዴ ሆነች።

"እኔ ምንም አላየሁም፣" አለ ሰደርያውን እየቆለፈ። ፊቴን ሳያይ ወጣ።

ቤቱ ቀዘቀዘ። እናቴ ፊቷን ወደ ጣውላው አዙራ መዳፏን ለጠፈችበት። "ኢክራም፣" አለች። መልስ የለም። "ኢክሩ!" አለች ደግማ። "እህቴ፣ ተኝተሽ ነው?" ጣውላውን በጣቷ አንኳኳች። እንደገና አንኳኳች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፤ ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"እሺ! እሺ በቃ! አትዪኝ!" አልኩና ነጠላዬን አናቴ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ።

በቀትር መውጣት ክልክል ነው። የሚከለክል ጥበቃ የለም፤ ማን ቆሞ ይጠብቃል? ፀሐዩ ራሱ ይበቃል። የነጠላ ጫማዬ ሶል አስፋልቱ ላይ እየተለጠፈ እየተላቀቀ ይከተለኛል። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስስበው አፍንጫዬን ይለበልበኛል። ጎረቤት እኮ ነው፣ በር ለበር! የኡሚ ኢክራም በር ላይ ከውጭ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፣ ባዶ ለማስመሰል፤ ስጎትተው አብሮኝ መጣ።

ውስጡ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ነው። መሬት ላይ ተቀምጣ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራለች፤ ውኃው ከቁርጭምጭሚቷ በታች ወርዷል። አንገቷ ወደ ትከሻዋ ዘንበል ብሏል። ደንግጬ ፊቷን በሁለት እጄ ያዝኩት። ቆዳዋ ይፋጃል፣ ላብ የለውም።

"ኡሚ! ኡሚ ኢክራም!"

አንድ ዓይኗን ገለጠች። "ማን አስገባሽ?" አለች። "ቤቱ ባዶ ነው ሲባል አልሰማሽም?"

"ወላሂ አሁን ብትቀልጂብኝ አልምርሽም! ተነሺ!"

"ሻሼን..."

"የምን ሻሽ? እየሞትሽ ነው እኮ!"

"ሻሼን ሳልይዝ አልወጣም፣ ሰው ያየኛል።"

ማን ነው በቀትር የሚያያት? ሻሿን ፈልጌ አናቷ ላይ ጠቀለልኩላትና በሁለት እጄ ታቀፍኳት። ክብደት የላትም፤ ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት አትሆንም። መንገዱን ሁሉ ነጠላ ጫማዋ ሊወድቅ ነው እያለች አመናጨቀችኝ።

እናቴ ስታያት እጇን ዘርግታ በፍራሿ ላይ ተቀበለቻት። ውኃ አጠጣናት፣ አንገቷን በእርጥብ ጨርቅ ያዝንላት። የኤሲው ንፋስ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ዓይኗን ጨፍና "አልሐምዱሊላህ" አለች። እኔም ተንፍሼ በርጩማው ላይ ልቀመጥ ስል ኤሲው ቆመ።

"ክብርት ደንበኛችን፣ በቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው ተገኝቷል። ቤቱ ለሁለት ሰው ነው። ቁጥሩ እስኪስተካከል ማቀዝቀዝ አንችልም። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።"

"ቅድም ያብስራ ሲኖር ሦስት አልነበርንም? ለምን ዝም አልሽ?"

"ሠራተኛችን አይቆጠርም።"

"እንግዳ ናት! ታማ ነው! እንግዳ አይመጣም እንዴ ሰው ቤት?"

"እንግዳ ከሦስት ቀን በፊት ሊያስመዘግቡ ይችላሉ።"

ከሦስት ቀን በፊት! ሁለቱ አሮጊቶች ደግሞ በዚህ መሀል ጭቅጭቅ ጀምረዋል። "እኔ ወደ ቤቴ ልሂድ" ትላለች ኡሚ ኢክራም፣ እግሯ ሳይቆም። "አንቺ ትቀመጫለሽ፣ እኔ ነኝ የምሄደው" ትላለች እናቴ፣ ከፍራሹ መነሣት አቅቷት። አንዷ የሌላዋን እጅ ይዛ አለቅም ትላለች። መብራቷ ደግሞ ወደ ቢጫ ሄደች።

"ሁለታችሁም ዝም በሉ!" አልኩ። ወደ ማሽኑ ዞርኩ። "እሺ፣ ከሦስታችን ትርፏ የትኛዋ ናት?"

"ስለ ጥያቄዎ እናመሰግናለን። ማሽኑ ሰው ይቆጥራል እንጂ አይለይም።"

ሁለቱን አየኋቸው። ተቃቅፈው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እኔን እያዩኝ ነው። አንሶላ ከገመዱ ላይ ሳብኩ፣ ጀሪካኑን ከጓዳ አነሳሁ።

"ወዴት ነሽ?" አለች እናቴ።

"ገሃነም!"

በሩን ስዘጋው ኤሲው ከኋላዬ ሲነሣ ሰማሁት። ሴትዮዋም አመሰገነችኝ።

አሁን የኡሚ ኢክራም ቤት ነኝ፣ እሷ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ፣ እግሬን ሳፋዋ ውስጥ ነክሬ። አንሶላውን አርጥቤ እስክጠቀለልበት ዳር ዳሩ ይደርቃል። ጆሮዬ ውስጥ የልቤ ምት ይሰማኛል። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ለሙቀት ቢሮው ገና ልጅ ነኝ፣ እኔን የምትቆጥር መብራት የለችም፤ ይሄ ቤትም ባዶ ነው። ከቀትር በኋላ ያለው ሳይረን እስኪጮህ እዚህ ነኝ። ነገም እዚህ ነኝ። ከነገ ወዲያም ሌላ ዘዴ አይታየኝም። እፈራለሁ፣ መፍራቴ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል።

ከትራሱና ከብርድ ልብሱ ማዶ ድምፃቸው ይሰማኛል። በደንብ ይሰማኛል። ኡሚ ኢክራም ተሽሏት ወሬ ጀምራለች።

"ልጅሽ ግን ቁጡ ናት።"

"አባቷን ነው እንጂ እኔንማ አይደለም፣" ትላለች እናቴ። ይስቃሉ። እንዴት ነው የሚስቁት! ለወራት በቀዳዳ ሲያወሩ ኖረው ዛሬ ፊት ለፊት ተያይተዋል።

ከዚያ ጣውላው ተንኳኳ።

"ዮሐና! አንቺ ዮሐና!"

"ምን ሆናችሁ?"

"አቦ በረደን! ጋቢው የት ነው ያለው?"

እርጥቡን አንሶላ ከአናቴ ላይ ገፈፍኩ።

"አልጋዬ ሥር!" አልኩ።

"ጎንበስ ማለት አንችልም። ሮጥ ብለሽ ነይና አውጪልን።"

"ከመጣሁ እኮ ሦስት እንሆናለን እማ! ይቆማል!"

እርስ በርስ ሲመካከሩ ሰማኋቸው።

"ታዲያ ቢቆም ምን አለበት?" አለች እናቴ። "በርዶናል አልኩሽ እኮ።"